ቡናማ ሳይሆን የቀረው ስላይድ

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ሰመራ ውስጥ ደጅ የሚታይ ሰው የለም። የላብራቶሪያችን ኤሲ እያንገራገረ ይሠራል፤ እኔ መታጠቢያው አጠገብ ቆሜ ሁለት ስላይዶች ላይ የመጨረሻውን ፈሳሽ ጠብ አድርጌ እጠብቃለሁ።

ሥራዬ ከታማሚዎች የተወሰደ ናሙና ማቅለም ነው። ለማያውቅ ሰው እንዲህ ብዬ ነው የማስረዳው። ከታማሚ የተቆረጠች ትንሽ ሥጋ ሰም ውስጥ ተቀብራ እንደ ሳሙና ቁራሽ ትጠነክራለች። ያችን ብሎክ እንላታለን። ከብሎኳ ላይ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነገር ተልጦ መስታወት ላይ ይለጠፋል፤ ስላይድ የምንለው እሱን ነው። ከዚያ አንቲቦዲ ይንጠባጠብበታል። አንቲቦዲው የሚፈልገው አንድ ፕሮቲን ብቻ ነው፤ ካገኘው ተጣብቆበት ይቀራል፣ ካላገኘው በውሃ ታጥቦ ይሄዳል። መጣበቁ ግን በዓይን አይታይም። እንዲታይ የሚያደርገው ያ የመጨረሻው ፈሳሽ ነው፤ አንቲቦዲው የተጣበቀበትን ቦታ ብቻ ለይቶ ቡናማ ያደርገዋል። የቀረውን እኛ ሰማያዊ ቀለም እናለብሰዋለን።

ከታማሚው ስላይድ ጎን ደግሞ ምንጊዜም ሌላ ስላይድ አብሮ ይቀለማል። ፕሮቲኑ እንዳለበት አስቀድሞ ከተረጋገጠ ሥጋ የተቆረጠ ነው፤ ኮንትሮል እንለዋለን። ኮንትሮሉ ቡናማ ካልሆነ አንድ ነገር ተበላሽቷል፤ የታማሚውን ስላይድ አይቶ አለ ወይም የለም ማለት አይቻልም።

ያን ቀን ኮንትሮሉ ቡናማ አልሆነም።

ማይክሮስኮፑ ላይ አስቀምጬ አየሁት። ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ነው። የታማሚዋን ስላይድ አስገባሁ። እሱም ሰማያዊ። ካንሰሩ አጠገብ ያሉት ጤነኛ የጡት ቱቦዎች እንኳ፣ ትንሽም ቢሆን ቡናማ ሊኖራቸው የሚገባው፣ ምንም የላቸውም። አንቲቦዲው ሥራውን አልሠራም ማለት ነው።

ስላይዱ የማንም ሰው ቢሆን እበሳጭ ነበር። የዚያን ቀኑ ግን የእትዬ ነበር።

እትዬ አዋሽ ከተማ ውስጥ፣ ከባድ መኪኖች በሚቆሙበት በኩል፣ ሻይ ቤት አላቸው። ከወሎ በልጅነታቸው መጥተው እዚያው የቀሩ ሴት ናቸው። ቤታችን ከሻይ ቤታቸው ጀርባ ስለነበር ከትምህርት ቤት ስመለስ የቤት ሥራዬን የምሠራው እሳቸው ጥላ ሥር ነበር። የጅቡቲ ሾፌሮች ሲያስቸግሩኝ «ተዋት፣ ዶክተር ልትሆን ነው» ይሏቸው ነበር። ዶክተር አልሆንኩም፤ ለእሳቸው ግን ነጭ ካፖርት ከለበስኩ ልዩነት የለውም። ጡታቸው ላይ እባጭ ሲያገኙ አዳማ ይቀርባቸው ነበር። ያን ሁሉ መንገድ አቋርጠው፣ አዳይቱንም ሚሌንም አልፈው፣ ሰመራ አጠገብ ሎጊያ፣ ወንድማቸው ቤት ያረፉት በእኔ ምክንያት ነው።

«አዳማ ማን አለኝ?» ነበር ያሉኝ ናሙናው የተወሰደ ዕለት። «የኔን አንቺ ነሽ የምታይው። ሌላ ሰው ነካው እንዳትዪኝ።»

እኔም እሺ ብያለሁ።

ከስላይዱ የሚጠበቀው አንድ መልስ ነበር። ካንሰሩ የሴት ሆርሞንን የሚቀበል ፕሮቲን ካለበት፣ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ለዓመታት ይሰጣቸዋል፤ በሽታው እንዳይመለስ የሚከላከልላቸው እሱ ነው። ከሌለበት ክኒኑ ስለማይጠቅም አይሰጥም። ቡናማ ከሆነ ክኒን አለ፣ ካልሆነ የለም።

አብራኝ የምትሠራውን ጓደኛዬን ጠራኋት።

እሷ በሥራ ትበልጠኛለች፣ በዕድሜም ጥቂት ዓመት ትበልጠኛለች። ሰም መቁረጥ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ሎጊያ አንድ ቤት ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። ሰመራ ሙቀቱ የሚብሰው ክረምት ላይ ነው፤ በመጀመሪያው ክረምቴ ሙቀቱ ጥሎኝ ስተኛ እርጥብ ፎጣ እየቀያየረች ያስታመመችኝ እሷ ናት። እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም፤ የሥራ ስልክ ሲጠራ እንኳ እሷ እስክታነሳው ነው የምጠብቀው። እሷ ደግሞ ከማንም ጋር ታወራለች። ስለዚህ ሥራውን ተከፋፍለነዋል። «አንቺ እይ፣ እኔ አወራለሁ» ትለኝ ነበር፣ እንዲህም እንኖር ነበር።

ስላይዶቹን የሚያነቡልን ዶክተር አዲስ አበባ ናቸው። ሆስፒታላችን የራሱ አንባቢ ሐኪም ስለሌለው ስልካችንን ማይክሮስኮፑ ዓይን ላይ ደግነን ሁለት ፎቶ እናነሳለን፤ አንዱ የኮንትሮሉ፣ አንዱ የታማሚው። እሷ ከራሷ ስልክ ትልክላቸዋለች። እሳቸው አንብበው መልሱን ለእሷና ለቀዶ ሕክምና ሐኪማችን ይጽፋሉ።

ጓደኛዬ መጥታ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች። ብዙ ቆየች።

«ሰዓት አሳልፈሽ ይሆናል» አለች፣ ቀና ሳትል።

«አላሳለፍኩም።»

«ድስቱንስ? ሳይበርድ ከፍተሽው ይሆናል።»

ድስቱ ሰሙ የተነሳለትን ስላይድ በእንፋሎት የምንቀቅልበት ነው። ቶሎ ከተከፈተ ማቅለሙ ይበላሻል። «አልከፈትኩም» አልኳት። እርግጠኛ ነበርኩ፤ ግን እሷ ስትለው ልቤ መጠራጠር ጀመረ። ከፍቼው ይሆን እንዴ?

«በቃ አትጨነቂ ሚጡ። ፊትሽ ኮንትሮሉን መሰለ፣ ሰማያዊ ሆኗል እኮ!» ብላ ሳቀች። «አልተሳካም፣ ለማንኛውም አዲስ አንቲቦዲ እስኪመጣ ይጠብቁን ብዬ ለዶክተሩ እጽፍላቸዋለሁ። ለእትዬሽም የቀዶ ሐኪማችን ይነግሯቸዋል። አንቺ ሂጂና እረፊ።»

አመሰገንኳት። አስታውሳለሁ፣ ሁለት ጊዜ ነው ያመሰገንኳት።

ረቡዕን ሙሉ የቀለም ሂደቱን ከመጀመሪያው ጀምሬ በሐሳቤ ስከልሰው ዋልኩ። ጥፋቱ የት ላይ ነው? ድስቱን በየትኛው እጄ እንደከፈትኩ ሁሉ ለማስታወስ ሞከርኩ። ጓደኛዬ ምሳ ላይ «አሁንም እሱን ነው የምታስቢው? እንጀራው ላይ እንኳ ቡናማ ትፈልጊ ጀመር?» እያለች ታሾፍብኝ ነበር።

ሐሙስ ከሥራ ልወጣ ስል ስልኬ ጮኸ። እትዬ ናቸው።

«አሰላሙ ዐለይኩም ልጄ! አንቺማ ዝም ብለሽ ልትቀሪ ነው እንዴ? የምሥራቹን ከሌላ ሰው ልስማው?»

«ምን የምሥራች እትዬ?»

«ክኒኑ አያስፈልግዎትም አሉኝ እኮ! አልሐምዱሊላህ። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ክኒን ስውጥ ልኖር ነው ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። መርፌ አለ ብለውኛል፣ እሱን አዳማ እወጋለሁ። የለም ማለት ቀላል ነው ማለት አይደል?»

መቀመጫ ፈለግኩ። «ማን ነው እንዲህ ያለዎት?»

«የቀዶ ጥገናው ዶክተር ናቸዋ። ከአዲስ አበባ ውጤቱ መጣ፣ ያ የሚባለው ነገር የለብዎትም አሉኝ። አላህ እጅሽን ይባርከው። ነገ በመጀመሪያው መኪና ልግባ፣ ሻይ ቤቱን ዘግቼ ነው የመጣሁት።»

እኔ ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም። እሺ ያልኩ ይመስለኛል። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እዚያው ተቀምጬ ነበር። ውጤት የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ሁለት ሰማያዊ መስታወት ነው። ከሁለት ሰማያዊ መስታወት ደግሞ አዲስ አበባ ያሉት ሐኪም «የለም» ሊሉ አይችሉም። ኮንትሮሉን ካዩት ይጥሉታል። «የለም» የሚሉት ያላዩት እንደሆነ ብቻ ነው።

ቤት ስደርስ ፀሐይ ገና አልገባችም። ጓደኛዬ ቬንትሌተሩ ፊት ተቀምጣ ፀጉሯን ታደርቃለች።

«እትዬ ደወሉልኝ» አልኳት። «ውጤት ተነግሯቸዋል።»

ማበጠሪያው ፀጉሯ ውስጥ ቆመ። «እ፣ አዎ። ዶክተሩ ቶሎ መለሱ።»

«የላክሽላቸውን ፎቶ አሳዪኝ።»

እንዲህ ያለ ድምፅ ከእኔ ሰምታ አታውቅም መሰለኝ፣ ለአፍታ አየችኝና ስልኩን አልጋው ላይ ወረወረችው። «እይው! ፖሊስ ሆንሽ ደግሞ?»

ሁለት ፎቶ ነበር። አንደኛው የእትዬ ነው፣ የማክሰኞው፤ ጤነኞቹ ቱቦዎች አልገቡበትም። ሁለተኛው ኮንትሮል ነው፤ እጅግ ቆንጆ ቡናማ። ጥግ ላይ የታጠፈች ቦታ አለችው። ያችን እጥፋት አውቃታለሁ። ከሳምንታት በፊት ኮንትሮል ስቆርጥ፣ ልጣጩ ከሚዘረጋበት ሙቅ ውሃ ላይ ላነሳው ስል የቬንትሌተሩ ንፋስ ገልብጦብኝ የታጠፈ ነው። ስናደድ እሷ «ነጠላ አጣጠፍሽ እንዴ?» ብላ ስቃብኛለች። የሌላ ሳምንት ኮንትሮል፣ የሌላ ታማሚ ጎን የተቀለመ፣ ከእትዬ ስላይድ ጋር ተላከ። ከሥሩ ደግሞ የኔ ስም ተጽፏል፤ አዘጋጅታ ያረጋገጠችው እሷ ናት ተብሎ።

«ይሄ የማክሰኞ ኮንትሮል አይደለም» አልኩ።

«ሚጡ፣ ስሚኝ...»

«የማክሰኞው ሰማያዊ ነው።»

ፎጣውን ከትከሻዋ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው። ከዚያ ማውራት ጀመረች። እሷ ስታወራ ሁልጊዜ ደስ ይለኝ ነበር።

ሰኞ እኔ ገና ከአዋሽ ከቤተሰቦቼ ዘንድ ስመለስ መንገድ ላይ ሳለሁ፣ እንግዶች መጥተው ነበር። ይህ የማቅለም ሥራ ይቀጥል አይቀጥል የሚወስኑ ሰዎች ናቸው። የሠራተኛ ክበቡ ፍሪጅ ተበላሽቷል። አለቃችን «በዚህ ሙቀት ሙቅ ውሃ ልታጠጧቸው ነው?» ብሎ ተቆጣ። ላብራቶሪ ውስጥ ደግሞ የሚያቀዘቅዝ ፍሪጅ አለ።

«የአንቲቦዲውን ሳጥን አውጥቼ መስኮቱ ላይ አደረግኩት፣ ውሃውን አስገባሁ» አለች። «ለትንሽ ጊዜ ብዬ እኮ ነው! ከዚያ ምሳ ጋበዙን፣ ከዚያ ፎቶ እንነሳ አሉ። ያስታወስኩት ሲመሽ ነው። ሳጥኑ እንደ ሻይ ብርጭቆ ግሎ ነበር። መለስኩትና... ምናልባት አልተበላሸም አልኩ።»

የሰመራ መስኮት። እዚያ የተቀመጠ ማስቲካ እንኳ ይቀልጣል።

«ማክሰኞ ማይክሮስኮፑ ላይ ስታዪው አውቀሽ ነበር» አልኳት።

ፎጣውን ማጠፍ ጀመረች።

«ድስቱን ከፍተሽው ይሆናል አልሽኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ድስቱን ሳስብ ነው የዋልኩት። አብረሽኝ ምሳ እየበላሽ።»

«ምን ልበልሽ ታዲያ? እንግዶቹ ጥሩ ነው፣ ይቀጥል ብለው ሄዱ። በማግስቱ ተበላሸ ብዬ ልጻፍ? ለምን ቢሉኝ ውሃ አቀዘቀዝኩ ልበል? ሥራውን ይዘጉታል። አንቺም እኔም እንባረራለን። አዲሱ አንቲቦዲ ሲመጣ ቀስ ብለን እንደግመዋለን፣ ከተቀየረ ተቀየረ እንላለን።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«ይመጣል።»

«እሳቸው ነገ ወደ አዋሽ ይገባሉ። ክኒን የለም ተብለው።»

«ምናልባት እውነትም የለባቸውም ይሆናል እኮ! አንቺ ደግሞ...»

«ምናልባት» አልኩ። «ስሜን ለምን ጻፍሽው?»

እዚህ ላይ ትዋሻለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ብትዋሽ ይሻለኝ ነበር።

«አንቺን ማንም አይጠይቅሽማ» አለች፣ ቀለል አድርጋ፣ የቤት ኪራይ ስትከራከርልኝ በምትናገርበት ድምፅ። «ዝም እንደምትዪ ሁሉም ሰው ያውቃል።»

ወደ ክፍሌ ገባሁ። እሷ ተከትላኝ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፣ ከዚያ ሄደች። ወጥ ቤት ውስጥ እራት ስታሞቅ ይሰማኛል። ለሁለታችን ነው የምታሞቀው፤ ሁለት ሳህን ስታወርድ ሰማሁ። ያ ነው የባሰብኝ። ተቆጥታ ብትሄድ፣ በሩን በኃይል ብትዘጋ፣ አንድ ነገር ተሰበረ እል ነበር። እሷ ግን ምንም እንዳልተሰበረ ሳህን ታወርዳለች። ዝምታዬን እንደ ድካሜ የምትሸፍንልኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ ስታስበው የኖረችው ሌላ ነው፤ ዝምታዬ የሆነ ቀን የሚጠቅማት ዕቃ ነበር። ያች ያስታመመችኝ ሴትም፣ ይህችም እሷው ናት። ይህን ለማመን ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። አንዷ ውሸት መሆን አለባት መሰለኝ፤ የትኛዋ እንደሆነች ግን ዛሬም አላውቅም።

ለእትዬ መደወል አማረኝ። ስልኩን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። ምን ልበላቸው? የያዝኩት ነገር ቢኖር ስሜ ያለበት የሌላ ቀን ፎቶ ነው። መጀመሪያ እውነተኛውን መያዝ አለብኝ አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ገና ሳይነጋ፣ ጓደኛዬን ሳልቀሰቅስ ወጣሁ። በባጃጅ ወደ ሰመራ ሄድኩ። ዘበኛው በዚህ ሰዓት ምን ትሠሪያለሽ አላለኝም፤ በሩን ከፍቶልኝ ወደ ጸሎቱ ተመለሰ። የማክሰኞውን ኮንትሮል ከስላይድ ሳጥኑ ውስጥ አወጣሁ፣ ስልኬን ማይክሮስኮፑ ላይ ደግኜ አነሳሁት። የመጀመሪያዎቹ ደበዘዙ። ጥርት ያለ ሰማያዊ ሲመጣልኝ ለአዲስ አበባው ዶክተር ላክሁላቸው። «የማክሰኞው ኮንትሮል ይህ ነው። ከዚህ በፊት የደረሰዎት የሌላ ቀን ነው» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ደወልኩ።

የእንቅልፍ ድምፅ ነበር ያነሳው። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው።

«ቆይ ልየው» አሉ ዶክተሩ። ፎቶውን ሲያዩ ድምፃቸው ነቃ። «ይሄ ምኑም አልተቀለመም እኮ! የላክሽልኝስ?»

«እኔ አልላክሁም።»

«ስምሽ አለበት።»

«ስሜ አለበት። የላከችው አብራኝ የምትሠራዋ ናት። አንቲቦዲው ከፍሪጅ ወጥቶ መስኮት ላይ ውሎ ነበር።»

ዶክተሩ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «በይ ብሎኩን ለታማሚዋ ስጪና ዛሬውኑ ወደ እኔ ትምጣ። እዚህ እንቀልመዋለን። ለቀዶ ሐኪማችሁም፣ ለአለቃችሁም አሁን እደውላለሁ። የቀረውን በኋላ እንነጋገራለን፣ ከሁለታችሁም ጋር።»

ብሎኳን በጥጥ ጠቅልዬ ክዳን ባላት ትንሽ ዕቃ ውስጥ አደረግኳት፤ ሰም ስለሆነች ሙቀት አትወድም። ሎጊያ ስደርስ የአዋሹ መኪና ሊሞላ ነበር። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «አዋሽ! አዋሽ አንድ ሰው!» ይላል። እትዬ ሦስተኛው ወንበር ላይ ነበሩ፣ ዘንቢላቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው።

«አንቺ! ልትሸኚኝ ነው?» አሉ፣ ፊታቸው በርቶ።

«እትዬ፣ አዋሽ ላይ አይቅሩ። አዲስ አበባ ነው የሚሄዱት።»

«ለምን?»

«የተነገረዎት ውጤት ልክ አይደለም። ክኒኑ ያስፈልግ አያስፈልግ ገና አይታወቅም።»

ፊታቸው ሲጠፋ አየሁት። «አንቺ አላየሽውም?»

«አይቼዋለሁ። አልተቀለመም ነበር። የማቅለሚያው መድኃኒት ተበላሽቷል።»

«አልተቀለመም? ታዲያ ያ ሰውዬ የለብዎትም ያለኝ ከየት አምጥቶ ነው?»

«የሌላ ሰው ፎቶ አብሮ ተልኮ ነው።»

«አንቺ ነሽ የላክሽው?»

መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይሰማ ነበር። «እኔ አይደለሁም» አልኩ፣ ከወትሮዬ ጮክ ብዬ። «መድኃኒቱን ከፍሪጅ ያወጡት ለእንግዳ ውሃ ለማቀዝቀዝ ብለው ነው።»

«ለውሃ?» አሉ። አንድ ጊዜ ደገሙት፣ ወደ መስኮቱ እያዩ። «ለውሃ ብለው።»

ረዳቱ «እህቴ፣ ወይ ግቢ ወይ ውረጂ! ስብሰባ ነው እንዴ?» አለኝ።

እትዬ ዘንቢሉን አንስተው እግራቸው ሥር አስገቡት። «እኔ አዲስ አበባ ማንን አውቄ ነው? ግቢ» አሉ፣ ሳያዩኝ።

ገባሁ። ለአለቃዬ ዛሬ አልገባም፣ ዶክተሩ ይደውሉልዎታል ብዬ ጻፍኩለት። መኪናው ከሎጊያ እንደወጣ ስልኬ ጮኸ። ጓደኛዬ ናት። አነሳሁት።

«ሚጡ የት ነሽ? ቁርስ አቅርቤ...»

«ብሎኩን ይዤ አዲስ አበባ እየሄድኩ ነው። ለዶክተሩ ነግሬያቸዋለሁ» አልኩና ዘጋሁት።

«ማናት?» አሉ እትዬ።

«አብራኝ የምትኖር ልጅ ናት» አልኳቸው።

እጃቸውን ዘረጉ። ብሎኳ ያለችበትን ዕቃ ሰጠኋቸው፤ ክዳኑን ሳይከፍቱ ፀሐይ በማይደርስበት በኩል ያዟት።